የብርቱካን ሰማያዊ

ባለፈው ቅዳሜ ነጭ የዘይት ቀለም ልገዛ ወጣሁ። ዘወትር የምገዛበት ሱቅ ከገበያው ወረድ ብሎ፣ በደብተርና በቦርሳ ሻጮች መካከል የተሸጎጠ ነው። ባለሱቁ መምህር መሆኔን ስለሚያውቅ ከበሩ ስገባ ብድግ ይላል። የዚያን ቀን ግን ሲያየኝ ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረ።

«ጋሼ፣ ሳይጠይቁኝ ልንገርዎት፤ ጨምሯል» አለኝ።

«ባለፈው ወር ጨምሯል ብለኸኝ አልነበረም እንዴ?»

«እሱማ የባለፈው ወር ነው።»

ሳቅሁ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ ሁለታችንም መሳቁን ተውነው። ትልቁን ትቼ ትንሿን ገዛሁና በዘንባባዎቹ ሥር ወደ ሐይቁ ወረድሁ። ኅዳር ገና መግባቱ ነው፤ አየሩ ታጥቦ የተሰጣ ልብስ ይመስል ነበር። ዓሣ የሚጠብሱት ሴቶች ዘይታቸውን እያጋሉ፣ የተዘለዘለውን የቆሮሶ ዓሣ ጨው እየነሰነሱ ነበር። አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ቀለም በተወደደ ቁጥር የማስባት ሰው አለችኝ። ብርቱካን ትባላለች።

ሰው በወጣትነቱ በብዙ ነገር ይቀናል። በጫማ የሚቀና አለ፤ በድምፅ የሚቀና አለ፤ በጓደኛው እናት የሚቀና ልጅ እንኳ አይቻለሁ። እኔን ግን ለብዙ ወራት ሰላም የነሣኝ ሰማያዊ ቀለም ነው።

ያን ጊዜ እኔና ብርቱካን ዓባይ ማዶ አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይተን ሥዕል እንሥል ነበር። እኔ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ነኝ። አባቴ ሥዕሌን እንደ ሕመም ነበር የሚያየው፤ አንድ ቀን ይለቀዋል እያለ ይጠብቅ ነበር። ብርቱካን የደቅ ደሴት ልጅ ናት። አባቷ ቄስ ነበሩ። ለትምህርት በጀልባ ተሻግራ አክስቷ ዘንድ ተቀምጣ፣ ያገኘችውን ወረቀት ሁሉ በከሰል እየሞላች ያደገች ልጅ ናት። የተዋወቅነው ሁለታችንም ሥዕላችንን ይዘን አንድ ሱቅ በር ላይ ቆመን ስንጠብቅ ነው። ባለሱቁ የእሷን ወሰደ፤ የእኔን በኋላ ና አለኝ። እንግዲህ ነገሩ ከመጀመሪያው ቀን እንደዚያ ነበር።

የምንኖረው በቱሪስት ነበር። ታንኳውን፣ የደሴቱን ገዳማት፣ ሰፋፊ ክንፍ ያላቸውን የውኃ ወፎች በትንንሽ ሸራ ላይ እየሠራን ጀልባ መሳፈሪያው አጠገብ ላሉ ሱቆች እናስረክባለን። ገዢዎቹ ሁሉ የሚፈልጉት ሰማያዊ ሐይቅ ነው። ጣና ደግሞ፣ ዳሩ ላይ የኖረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ሰማያዊ የሚሆንበት ቀን ብዙ አይደለም። በክረምት ግልገል ዓባይ የሜጫን አፈር ይዞ ሲገባበት ወተት የበዛበት ሻይ ይመስላል። በበጋ ማለዳ ደግሞ የዓሣ ሆድ ነው፤ ግራጫና ነጭ። ቢሆንም እኛ ሰማያዊ እናደርገው ነበር። ሰማያዊ ያልሆነ ጣና አይሸጥም።

ያን ዓመት የውጭ ምንዛሪ ጠፋ ተባለ። ለእኛ ነገሩ የሬዲዮ ወሬ ነበር፤ በሱቁ በኩል እስኪመጣብን ድረስ። መጀመሪያ ቢጫው ተወደደ፣ ቀጥሎ ቀዩ፤ ሰማያዊው ግን የሚቀመስ አልሆነም። ቱቦዎቹን በጠርሙስ እየዳመጥን፣ በምላጭ እየቀደድን፣ ውስጣቸውን በብሩሽ እየጠረግን መሥራት ጀመርን። እኔ ሥዕሎቼ ላይ ሰማዩን ማሳነስ ያዝሁ። ተራራውን ከፍ፣ ዛፉን ሰፋ አድርጌ ሰማዩን እሸፍነው ነበር። ባሕር ዳርን የማያውቅ ሰው የዚያን ጊዜ ሥዕሎቼን ቢያይ ከተማዋ ገደል ሥር ያለች ይመስለዋል።

በዚያው ሰሞን ወይዘሮ የሺመቤት የሚባሉ ሴት ሐይቁ ዳር ሆቴል ያሠሩ ነበር። በልጅነታቸው እዚያው ዳር ላይ ዓሣ ጠብሰው ይሸጡ የነበሩ፣ ንግግራቸው የማያዳግም ሴት ናቸው። ለምግብ አዳራሹ ግድግዳ የሚሞላ የጣና ሥዕል ፈለጉና ሁለታችንንም አስጠሩን።

«ትንሽ ትንሽ አድርጋችሁ ሠርታችሁ አምጡልኝ» አሉን። «ደስ ያለኝን ትልቁን አሠራዋለሁ። ግን ልጆቼ፣ ሐይቅ ይሁን። ሰው እየበላ የሚያየው ሐይቅ።»

እንዲህ ያለ ሥራ ለእኛ የዓመት ኑሮ ነበር። ከኑሮውም በላይ ግን ያ ግድግዳ ከተማው ሁሉ የሚያየው ግድግዳ ነው። አባቴም ሊያየው ይችላል ብዬ አስቤ ነበር።

ቀለም መግዣ ስላልነበረኝ ክረምቱ ሲገባ ዱርቤቴ ከተማ ሄድሁ። ለሱቆች ጽሑፍ እየጻፍሁ፣ ለሥጋ ቤት በሬ፣ ለፀጉር አስተካካይ የተበጠረ ራስ እየሣልሁ ከረምሁ። ማታ ማታ ከተከራየሁባት ቤት ደጃፍ ላይ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት እየጋጥሁ ዝናቡን አይ ነበር። መንገዱ ዳር የተቆረጠው ቀይ አፈር ውኃ ሲወርድበት እንደ በርበሬ ይፋፋማል። አላስችል ብሎኝ ስመለስ በፌስታል ሞልቼ ያዝሁት። አፈሩ ቢያንስ ከውጭ የሚመጣ አልነበረም።

ባሕር ዳር ስደርስ ግን ዋጋው ደግሞ ጨምሮ ጠበቀኝ። ሙሉ ቀለም እገዛበታለሁ ያልሁት የክረምት ድካሜ ነጭ ብቻ ገዛ። ነጭ ሌላውን ያበዛል ብዬ ትልልቁን ቱቦ አቅፌ ወደ ክፍላችን ገባሁ።

ጠረጴዛው ላይ የእንጨት ሳጥን ተቀምጧል። ክዳኑ ክፍት ነው። ቱቦዎቹ በየቀለማቸው ተሰልፈው ተኝተዋል፤ አንዱም አልተጨበጠ፣ አንዱም አልተጣመመ። ሰማያዊዎቹ ለብቻቸው መደዳ ነበራቸው። አዲስ ቀለም የራሱ ሽታ አለው፤ ክፍሉ ሁሉ እሱን እሱን ይላል።

«ከየት መጣ?» አልኋት።

«ከሰው።»

«ከምን ዓይነት ሰው?»

«ቀለም ከሚያመጣ ዓይነት» አለችና ሳቀች።

ሰውየውን ዐውቀዋለሁ። ዳንኤል የሚባል የመንገድ ሥራ መሐንዲስ ነው። ብርቱካን የሟች እናቱን መልክ ከትንሽ ፎቶግራፍ ላይ አንሥታ ሥላለት ነበር። ለሥልጠና ውጭ ሄዶ ሲመለስ ሳጥኑን አመጣላት። ጠይም፣ ረዥም፣ ሞተር ብስክሌቱን ሁልጊዜ የሚወለውል ሰው ነው። በእሱ ይሁን በሳጥኑ የበለጠ የቀናሁት እስከ ዛሬ አልለየሁትም። ብርቱካንን እወዳት ነበር? እወዳት ነበር መሰለኝ። ነገር ግን ዐይኔን ስጨፍን የሚመጣብኝ መሐንዲሱ አልነበረም፤ እነዚያ ሰማያዊ ቱቦዎች ናቸው።

«ተጠቀምበት እንጂ። ለሁለታችን ነው» አለችኝ።

«የተሰጠው ለአንቺ ነው።»

«ቀለም ላይ ስም አይጻፍም።»

«የሰጪው ስም ተጽፎበታል» አልኋት።

ሳጥኑን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። በማግስቱ ለውድድር ነው የምንሠራው፣ አንዳችን የሌላውን አንይ ብዬ በክፍሉ መካከል አቡጀዴ ሰቀልሁ። መጋረጃ ግን ሽታ አያግድም። ክዳኑ ሲከፈት ይሰማኛል፤ ብሩሿ ሸራው ላይ ሲንሸራሸር ይሰማኛል። ያ ድምፅ ሁሉ ለእኔ ሰማያዊ ነበር። እሷ እየዘፈነች ትሠራለች፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ የዱርቤቴን አፈር በወንፊት ነፍቼ ከተልባ ዘይት ጋር እለውሳለሁ። ክረምት ላይ ያለውን ጣና፣ ጎርፍ የገባበትን፣ ቡናማውን ጣና ሣልሁ። እልህ ነበረበት። እነሆ እውነተኛው ሐይቅ፣ ሳጥን የማያስፈልገው ሐይቅ እያልሁ ነው የሠራሁት።

በመስከረም ሥዕሎቻችንን ይዘን ወይዘሮ የሺመቤት ዘንድ ሄድን። የእኔን አስቀድመው አዩት። ራሳቸውን ወደ አንድ ጎን አዘንብለው ቆዩ።

«ልጄ፣ ይኼ ጎርፍ ነው ወይስ ሐይቅ?»

«ክረምት ነው፣ እትዬ። ውኃው እንዲህ ነው።»

«እንዲህ መሆኑንማ ዐውቃለሁ። ዕድሜዬን ሙሉ እግሬን የታጠብሁበት ነው። ግን ሰው ከፍሎ እየበላ ጭቃ አያይም።»

ከዚያ የብርቱካንን ገለጡ። ማለዳ ነው። አንድ የደንገል ታንኳ፣ ሣሩ የደረቀ፣ ፀሐይ ያረፈበት፣ ማገዶ ጭኖ ወደ ዳር ይመጣል። ከሥሩ ውኃው ተዘርግቷል፤ ሰማያዊ። እንዲህ ያለ ሰማያዊ አይቼ አላውቅም ነበር፤ የሚጮህ አይደለም፣ የሚተነፍስ ነው። ወይዘሮ የሺመቤት ወንበር ስበው ፊቱ ተቀመጡ። ያኔ ማለቁን ዐወቅሁ።

እንኳን ደስ ያለሽ አልኋት። ያላት አፌ ብቻ ነው። ድልድዩን ስሻገር ሜዳው ሁሉ በአደይ ቢጫ ሆኖ ነበር፤ እኔ ግን ለራሴ አንዲት ነገር ደጋግሜ እነግረው ነበር። ምን ይደንቃል? ሳጥን ሙሉ ሰማያዊ ያለው ሰው ቢያሸንፍ ምን ይደንቃል? ለእኔ ቢሰጠኝ እኔስ? ይህች ሐሳብ መድኃኒቴ ሆነች። ዕቃዬን ከክፍሉ አውጥቼ ወደ ወላጆቼ ቤት ተመለስሁ፤ በየማለዳው ያችን መድኃኒት እየዋጥሁ ከረምሁ።

ኅዳር ላይ ብርቱካን ቤታችን መጣች። እናቴ አስገብታ ዳቦ አቀረበችላት። ከስታለች። ጣቶቿ ላይ ቀለም ደርቋል። ጥቂት ተጫወተችና ወደ እኔ ዞረች።

«ነጭ አለህ?» አለችኝ።

ነገሩን አስረዳችኝ። ከወይዘሮዋ ጋር የተዋዋሉት በመስከረም ዋጋ ነው። ከዚያ ወዲህ ቀለም ደግሞ ዘሎ ወጥቷል፤ በቅድሚያ የተሰጣትን ገንዘብ ሸራውና የሚወጠርበት እንጨት ጨርሶታል። ነጭ አልቆባታል። ከተማው ውስጥ ያለው ነጭ ደግሞ እሷ የማትደርስበት ሆኗል። ለጥምቀት ካላደረሰች ሥራው ይወሰድባታል።

ደስ አለኝ። ልዋሽ አልችልም፤ ደስታው እንደ ትኩስ ሾርባ ሆዴ ውስጥ ሲወርድ ተሰማኝ።

«መሐንዲሱ አያመጣልሽም?» አልኋት።

«ዳንኤል ተዛውሯል። ከሄደ ቆየ።»

ድምፅዋ ውስጥ ሐዘን ፈለግሁ፤ መኖር አለመኖሩን መለየት አልቻልሁም።

«ነጩን እሰጥሻለሁ» አልኋት። «ግን ራሴ ይዤው እመጣለሁ።»

«ና። እጅም ያስፈልገኛል። ያ ቀይ አፈርህ ካለም ይዘህልኝ ና።»

እናቴ ደግ ልጅ ወለድሁ ብላ በኩራት አየችኝ። የሄድሁት ግን በደግነት አልነበረም። ሳጥኑን በቅርብ ላየው ፈልጌ ነው።

አዳራሹ ገና ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይሸት ነበር። ሸራው ከዳር እስከ ዳር ተወጥሯል፤ ግማሹ ተሠርቷል። በበሩ ስገባ ያ ሰማያዊ ውኃ ፊቴን መታኝ። ብርቱካን ብሩሾቿን ልታጥብ ወደ ውጭ ስትወጣ ጊዜ አላጠፋሁም፤ ሳጥኑን ከፈትሁ። ባዶ ቱቦ፣ ተጨምቆ የተጠቀለለ ቱቦ ነበር የጠበቅሁት። ሰማያዊዎቹ እንዳሉ ናቸው። አንዱ ብቻ ጫፉ ላይ ትንሽ ጎደል ብሏል። አንሥቼ መዘንሁት፤ ሙሉ ነው።

ወደ ግድግዳው ሮጥሁ ማለት ይቻላል። አፍንጫዬን ሸራው ላይ እስክጥል ተጠግቼ አየሁት። ሰማያዊ የለም። ያለው ግራጫ ነው፤ ከጥቁርና ከነጭ የተለወሰ ተራ ግራጫ። ወደ ኋላ አፈገፈግሁ፤ ሰማያዊ ሆነ። ተጠጋሁ፤ ግራጫ።

«ምን ጠፋብህ?» አለች ከበሩ። ብሩሾቿ ይንጠባጠባሉ።

«ሰማያዊው የታል?»

ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ መጣችና አንድ ጣውላ ላይ በብሩሽ ግራጫ ቀባች። «ይኼ ምንድን ነው?»

«ግራጫ።»

ይዤው ከመጣሁት የዱርቤቴ አፈር ቆንጥራ በዘይት ለወሰች፤ ጥቂት ቢጫ ጠብ አደረገችበትና በግራጫው ዙሪያ አዞረችው፤ የብርቱካን ልጣጭ መሰለ። «አሁንስ?»

ግራጫው ዐይኔ እያየ ሰማያዊ ሆነ። ዙሪያውን በእጄ ሸፈንሁት፤ ግራጫ። እጄን አነሣሁ፤ ሰማያዊ። ታንኳው ለምን እንዲያ ፀሐይ እንደ ሞላበት፣ ዳሩ ለምን እንዲያ ቀላ እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ።

«ማን አሳየሽ?»

«ማንም። ሰማያዊ ባጣን ጊዜ ነው የያዝሁት። አንተ ሰማዩን በተራራ ስትሸፍን እኔ ይኼን እሞክር ነበር።»

«ሳጥኑ ከመጣልሽ በኋላስ? ለምን ሰማያዊውን አልቀባሽም?»

ጥያቄዬ የቂል ጥያቄ እንደሆነ ሁሉ አየችኝ። «ሲያልቅስ?» አለች።

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ቅናቴ መልኩን ለወጠ። እስከዚያ ድረስ መጽናኛ ነበረኝ። ቀለም የሚገዛ ነገር ነው፤ ዛሬ ባይኖረኝ ነገ ይኖረኛል፤ ዋጋው ቢወጣ አንድ ቀን ይወርዳል ብዬ ነበር። ይህ ግን በየትኛውም ሱቅ የለም። ሁለታችንም አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ዓይነት እጦት ተቀምጠን ነበር። እኔ ከእጦቱ ስሸሽ እሷ አየችበት። መድኃኒቴ በእጄ ላይ ፈረሰ።

ጥዬ መሄድ እችል ነበር። አልሄድሁም። ነጬን ከፍቼ ሠራሁ፤ የዳሩን ደንገልና የሰማዩን የታች ክፍል እኔ ነኝ የሠራሁት። አጠገቧ ቆሜ ስታይ አያት ነበር። ብሩሽ ከማንሣቷ በፊት ለረዥም ጊዜ ታያለች። እኔ የምቸኩል ሰው ነበርሁ። እንጀራና ሽሮ ከአንድ ሳህን በልተን፣ አንዳንድ ቀን ተኮራርፈን፣ አንዳንድ ቀን እየሳቅን ለጥምቀት አደረስነው።

ሆቴሉ የተመረቀ ዕለት አዳራሹ ሞላ። አባቴም ኮቱን ለብሶ መጣ። ግድግዳው ፊት ቆሞ ጉሮሮውን ጠራረገ። አንድ የባንክ ሠራተኛ ሳህኑን ይዞ ወደ እኛ ጠጋ ብሎ «በዚህ ጊዜ ይህን ያህል ሰማያዊ ቀለም ከየት አገኛችሁ?» አለ። ብርቱካን ወደ እኔ አየች። እኔ ዓሣዬን በላሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረዥም ነው፤ በአጭሩ ልንገራችሁ። እኔ ማስተማር ጀመርሁ። ብርቱካን አግብታ ወለደች፤ ለዓመታትም ሣለች። ሥዕሎቿ ከእኔ ቀድመው ይሸጡ ነበር፤ እኔም ሳልሰለች እቀና ነበር። ከዚያ ቱሪስቱ ሳሳ፤ የቀለም ዋጋ ደግሞ ቁልቁል ማየት ተወ። እኔን ደመወዜ ያዘኝ፤ እሷን የሚይዛት አልነበረም። በእጅ ሥራ የሚኖር ሰው ከቀለም ጋር የሚያደርገውን ትግል ያልቀመሰ ሰው ችሎታ ያለው ይቀጥላል፣ የሌለው ይቀራል ብሎ ያስባል። ከሁለታችን የቀረችው እሷ ናት። «አንዱን ሸጬ የሚቀጥለውን መሥሪያ መግዛት ሲያቅተኝ ተውሁት» ብላ ነው የነገረችኝ፤ ስለ ሌላ ሰው የምታወራ ይመስል። አሁን ዓባይ ማዶ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ሆቴሉ ባለቤት ቀይሯል፤ ሥዕሉ የት እንደ ገባ የሚያውቅ አላገኘሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ከሐይቁ ዳር ተነሥቼ ድልድዩን በእግሬ ተሻግሬ ወደ ሱቋ ሄድሁ። በስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ኮሌታ ትገጥም ነበር። ሰላምታ ተለዋወጥን፤ ስለ ልጆቿ ጠየቅኋት፤ ስለ ቀለሙ ነገርኋት። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ መኪናውን አቆመችና፦

«በድልድዩ ነው የመጣኸው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«ውኃውን አየኸው?»

«አየሁት።»

«ምን ይመስል ነበር?»

«ሰማያዊ» አልሁ።

«እንግዲያው አላየኸውም» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች።

ስመለስ ድልድዩ ላይ ቆምሁ። ባጃጆቹ ከኋላዬ ይርመሰመሳሉ። ውኃው ከሐይቁ ወጥቶ ከሥሬ ይሄዳል። ረዥም ጊዜ አየሁት። እሷ በማለዳ ወደ ሱቋ ስትሻገር ምን አይታ ይሆን? ወደ ሸራ የማይመጣ፣ ከዐይኗ የማይወጣ ስንት ሥዕል ይዛ ይሆን የምትሰፋው? በወጣትነቴ አንድ ቀን በዚህች ሴት መቅናቴ እንዲያበቃ እመኝ ነበር። ሥዕልን ትታ ስትቀመጥ ያበቃል ብዬም ገምቼ ነበር። አላበቃም። እኔ ሠርቼ ባሳየኋቸው ሥዕሎች መካከል ቆሜ፣ እሷ ባልሠራቻቸው እቀናለሁ።